ከሙዙ የወጣው ነጭ ክር

«እማዬ፣ አንቺ በየቀኑ የምትፈጪው ሙዝስ ጂን የለውም?»

ልጄ ይህን ስትጠይቀኝ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ያን ጊዜ «ከትምህርት ቤቱ ሳይንስ ክበብ ውጪ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ጥያቄዋ አፌን ዘጋው። የያዝኩትን ብርጭቆ ደግሜ አጠብኩት። ከዚያ ንጹሑን አነሳሁና እሱንም አጠብኩት።

ጁስ ቤቴ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ዘግቼ እሻገርና እኔም ተማሪ እሆናለሁ፣ የጎልማሶች ንባብ ክፍል። የምንማረው ልጆቹ ባዮሎጂ በሚማሩበት ክፍል ነው፤ በልጅ ዴስክ ላይ ጉልበታችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። መስኮቱ ላይ ክዳን የተገጠመላቸው ብልቃጦች ተደርድረዋል። በየብልቃጡ ውስጥ ጄሊ የመሰለ ነገር ላይ የቆመች፣ ከጣቴ የማትበልጥ የሙዝ ችግኝ አለች። አፈር የላትም፣ የሚያጠጣት የለም፣ ግን ታድጋለች። ከሰሌዳው ይልቅ ዓይኔ እዚያ ላይ ነበር።

ነገሩን ያመጣችው ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ ጎረቤቴ ናት፣ ቅዳሜም አብራኝ ትማራለች፤ ወሬ ሳታሰማ ውላ ስለማታውቅ ነው እንዲያ ያልናት፣ እሷም ስሙን ትወደዋለች። ልጇ ከልጄ ጋር በክበቡ ውስጥ ነበር።

«ሰምተሻል?» አለችኝ አንድ ጠዋት፣ የጁስ ቤቴን በር ይዛ። «ልጆቻችንን የሚያስተምሯቸው እህል ውስጥ ጂን መክተት ነው። ጂን ያለበትን የበላች ሴት አትወልድም አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ! ማን እንዲል ፈለግሽ፣ ሙዙ ራሱ ይናገር?»

ሳቅኩ። ግን ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ስኳር ሳልጨምር ለደንበኛ ሰጠሁ።

ወሬው ርእሰ መምህሩ ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም ክርክር የሚወዱ ሰው አይደሉም፤ ወላጅ ሁሉ እስከ ሰኞ ቀርቦ ልጄ ይቆይ ወይም ይውጣ ይበል አሉ። ልጄ ይህን ስትሰማ እራቷን አልጨረሰችም። አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝም። እሱ ነው የከበደኝ።

ቅዳሜ ክፍል ገብተን ገና ሳንቀመጥ እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ዛሬ ንባቡ ይቅር። እውነቱን ይንገሩን። ጂን ምንድን ነው?»

አስተማሪዋ ያው የልጆቹ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ጠመኔዋን አስቀመጠች። «ከምነግራችሁ ላሳያችሁ። ከሙዝ ውስጥ እናወጣዋለን።»

«ከእርስዎ ሙዝ አይሆንም፤» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ጮኸብኝ። «ከእኛው ሙዝ ይሁን።»

«ልክ ናት!» አለች ሬዲዮ። «አማቴ በእጃቸው ከተከሉት አመጣለሁ። እሱን ላቦራቶሪ አይቶት አያውቅም!»

እኔ መንገዱን ተሻግሬ ከጁስ ቤቴ ሙዝና ወንፊት አመጣሁ። ሬዲዮም ከጓሮዋ አመጣች። አስተማሪዋ ከላቦራቶሪው ፍሪጅ ቀዝቃዛ አልኮል ይዛ መጣች። ሌላው ሁሉ የማድቤት ነገር ነው፤ ጨው፣ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። ሙዙን በሹካ ፈጨሁት፤ ከጨው ውሃውና ከሳሙናው ጋር አማስዬ አጠለልኩት። አስተማሪዋ አልኮሉን በብርጭቆው ጎን ቀስ አድርጋ አፈሰሰችበት።

ትንሽ ቆየን። ከዚያ በመካከሉ ነጭ ነገር ተነሣ። መጀመሪያ ጭጋግ መሰለ፤ ኋላ እንደ ጥጥ ክር ተንጠለጠለ። በእንጨት ጠቅልላ አወጣችው።

«ይህ ዲኤንኤ ነው፤» አለች። «ሙዙ እንዴት እንደሚያድግ፣ ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚያፈራ የሚነግረው ትእዛዝ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጂን የምንለው የትእዛዙ አንዱ ክፍል ነው።»

የሬዲዮ ሙዝም ተሠራ። ከእሱም ነጩ ክር ወጣ። አስተማሪዋ ፈገግ አለች፤ የገባን መስሏት ነው። እኔም እፎይ ልል ነበር።

ሬዲዮ ብድግ አለች። «ጉድ ፈላ! እኛም ቤት ገብቷል!»

«ምን?»

«ጂኑ ነዋ! አማቴ በተከሉት ዛፍ ውስጥ! ዓይኔ እያየ!»

«በነፋስ ይሆናል የመጣው፤» አለች ከኋላ አንዷ።

«ወይ በመስኖው ውሃ!»

«ዛሬውኑ ነው የማስቆርጠው፣ እናንተዬ!»

ከዚያ ሬዲዮ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ? ስንት ዓመት ይህን ስታጠጪን!»

ሁሉም አየኝ። ነገሩን ላበርድ ብዬ እሳት ጭሬ አረፍኩት። አስተማሪዋ «እናቶች፣ እናቶች፣ አልገባም፣ ድሮም ነበረ፣ ሕይወት ባለው ነገር ሁሉ አለ» ትላለች፤ ማን ይሰማታል!

«ሰው ላይም?» ብዬ ጮህኩ።

«ሰው ላይም።»

ቆሜ ማሰብ አልቻልኩም፤ እጄ ቀደመኝ። የጨው ውሃ አፌን ሞልቼ ተጉመጠመጥኩና ብርጭቆ ውስጥ ተፋሁት። ሳሙና ጠብ አደረግኩበት። አልኮሉን እየተጣደፍኩ ሳፈስ ግማሹ ዴስኩ ላይ ፈሰሰ። ሴቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ክሩ ወጣ። ከሙዙ የቀጠነ ነው፣ ግን ወጣ።

«ድሮስ!» አለች ሬዲዮ። «የራሷን ጁስ ስትግተው እየዋለች!»

«እንግዲያው አንቺ ትፊ!» አልኳት።

«የኔን ምራቅ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

ያኔ አብራን የምትማረው ልብስ ሰፊዋ እየቃተተች ከዴስኳ ወጣች። ከሁላችንም ታላቅ ናት፤ የልጅ ልጇ ክበቡ ውስጥ ነው። «አምጡት እስቲ። እኔ ስኳር አለብኝ፤ የእሷን ጁስ በአፌ አላዞርኩም። ሙዝም ካየሁ ስንት ዘመኔ!»

ተፋች። ጠበቅን። የእሷም ክር ወጣ፤ እንዲያውም ከኔ በለጠ።

ክሩን አፍጥጣ አየችው። «እኔ ሰባት ወልጃለሁ፤» አለች። «ይህ ሁሉ ጂን እያለብኝ መሆኑ ነው። የሚያመክነው መቼ ሊጀምር ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ግን ሁሉም አልሳቀም። ሬዲዮ ቦርሳዋን አነሣች፣ ሌሎችም ተከትለዋት ወጡ።

እኔ ቀረሁ። ብርጭቆዎቹን እያጠብኩ ሌላውን ጥያቄ ጠየቅኩ። «ታዲያ መለወጡስ ቲቸር? የመስኮቱ ሙዞች ጂናቸው ተለውጧል?»

«አልተለወጠም። ከጤነኛ ተክል ትንሽ ተቆርጦ ነው የተባዙት። የዘረመል ምህንድስና ሌላ ነው። ለምሳሌ በሽታ የሚቋቋም ጂን ከአንድ ተክል ይወሰድና ሌላው ውስጥ ይገባል። እሱን እዚህ አንሠራም፤ ምን እንደሆነ ነው ልጆቹ የሚማሩት።»

«ደግ ነው ክፉ?»

ያጠብኩትን ብርጭቆ ተቀብላ አደረቀች። «በደፈናው አይባልም። እያንዳንዱ ለብቻው ይመረመራል። ዘሩን የሚሸጠው ማነው፣ ገበሬው በየዓመቱ ሊገዛ ነው ወይ፣ ይህም ይጠየቃል። ልጆቹ ይህን መጠየቅ እንዲችሉ ነው የማስተምራቸው።»

አዎ ወይም አይ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ይህ መልስ እረፍት አልሰጠኝም።

እሑድ እግሬ መቀመጥ እምቢ አለ። ፍሪጁን አወጣሁ፣ ከኋላው ጠረግኩ፣ መልሼ አስገባሁ። ልጄ ብርቱካን እየላጠች ታየኛለች።

«ነገ ምን ልትይ ነው?»

«አላውቅም።»

«እማዬ፣ ከክበቡ ብታስወጪኝም ክሩ ከኔ አይወጣም እኮ።»

«አፍሽን ዝጊ አንቺ!» አልኳት፤ ግን ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፣ ወዲያው ግን ፊቷ ኮስተር አለ። «እማዬ፣ የማላውቀውን ነገር ይበልጥ ነው የምፈራው፤» አለች። አጠገቧ ተቀምጬ መላጥ ጀመርኩ። እኔ ስንት ዓመት የመድኃኒት ወረቀት እያገላበጥኩ፣ ምን እንደሚል ሳላውቅ ስፈራ ኖሬያለሁ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ሬዲዮን አገኘኋት። ልጇ ከጎኗ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«አስወጣሻት?» አለችኝ።

«ገና አልገባሁም።»

«እህቴ፣ እኔ ለክፋት አይደለም። የልጅ ነገር ሆኖብኝ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም እንዳንቺው ፈርቻለሁ።»

ገባሁ። ርእሰ መምህሩ ቀና ብለው አዩኝ። «ትቆይ፤» አልኩ። አልሰሙኝም መሰል ደግሜ አልኩት።

ያን ሳምንት ጁስ ቤቴ ጭር አለ። የገቡትም ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ሳያዩ አልጠጡም። ልቤ ሌሊትም ቀንም አላረፈም፤ ልክ ሠርቼ ይሆን እላለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

ከክበቡ አምስት ልጆች ወጡ። የሬዲዮ ልጅ ወጣ። የልብስ ሰፊዋ የልጅ ልጅ ቆየ። ልጄ ቆየች። ሬዲዮ ራሷ ከንባብ ክፍላችን አልወጣችም።