ታችኛው ቫዮሊን

ኡና ዜማውን ከመሀሉ ቆረጠችው። የቫዮሊን ደጋኗን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ፣ "ቆይ፣ ቆይ፣ አልሆነም" አለች።

ፊያክራ ወዲያው አላቆመም። ዓይኑን ጨፍኖ ዙሩን ጨረሰና ቫዮሊኑን ከአገጩ ሥር አወረደ። "እኔ ነኝ የሳትኩት?"

"አንተማ መች ትስታለህ!"

ምስጋና አልነበረም። ልጁ ግን እንደ ምስጋና ቆጥሮት ፊቱ ቀላ። ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ፍራንሲ፣ የኡና ታላቅ ወንድም፣ ሳቀ። ግራ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ተረሳ ጓንት ተጋድሟል። ባለፈው የገና ሰሞን ስትሮክ መትቶት ጣቶቹ ከዚያ ወዲህ አልታዘዙትም። ቀኝ እጁ ግን ደህና ነው፤ ፊያክራ ሲጫወት በወንበሩ ክንድ ላይ ወዲህ ወዲያ እያለ፣ ደጋን የያዘ ይመስል አብሮት ሲስብ ነበር።

"አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል?" አላት። "ከጠዋት ጀምሮ እንደ ቁንጫ ትዘያለሽ።"

"ምንም አልሆንኩም። ዶሮዎቹን ልይ።"

"አሁን አየሻቸው እኮ!"

"እንደገና ልያቸው።"

በዚያ በዶኔጋል የባሕር ጠረፍ ሁለት ቫዮሊን አንድ ቤት ከተገናኘ፣ አንዱ ዜማውን በቀጫጭኖቹ ክሮች ከላይ ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው ያንኑ ዜማ በወፍራሞቹ ክሮች ከታች ይከተለዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፍራንሲ የላይ፣ ኡና የታች ነበሩ። ማንም አልመደባቸውም፤ እሱ ታላቅ ነው፣ እሷ ታናሽ፣ በቃ። ኡና ቀን ቀን ኪሊቤግስ ወደብ ዓሣ ስትበልት ትውልና፣ ሽታው እንዲለቃት እጇን በሎሚ አሽታ ወንድሟ ቤት ትመጣ ነበር። ከፊቱ ተቀምጣ የእጁን አንጓ እያየች ትከተለው ነበር። ደጋኑ ወዴት እንደሚዞር ከሱ ቀድማ የምታውቅበት ጊዜ ነበር። ሰው "የፍራንሲ እህት" ይላታል። ብቻዋን ተጫውታ አታውቅም፤ ተጫወቺ ብሎ የጠየቃትም የለም።

ፊያክራ ከደብሊን ነው የመጣው። ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው የፍራንሲን የድሮ የቴፕ ቅጂዎች አንድ በአንድ ሸምድዷል። አጫጭሩን የደጋን ምት፣ ጠርዙ ሻከር ያለውን ድምፅ፣ ሁሉንም ይዞታል። ዛሬ እሁድ ከሰዓት በኋላ በአጥቢያው አዳራሽ ለፍራንሲ ክብር ዝግጅት አለ። ልጁ በፍራንሲ ቦታ ከላይ፣ ኡናም እንደ ድሮዋ ከታች ሊጫወቱ ነው። ይህን ያሰበው ራሱ ፍራንሲ ነበር።

ኡና ከዶሮዎቹ ስትመለስ ልጁ ወንድሟ ላይ ጎንበስ ብሎ ያወራል።

"ሦስተኛው ዙር ላይ አንዷን ድምፅ ውጠው የሚያልፉባት ቦታ አለች። ደብሊን ውስጥ ስለሷ ስንከራከር አምሽተን እናውቃለን። አንዳንዱ የዚህ አገር ጥንታዊ አጨዋወት ነው ይላል።"

"የቷ ናት እሷ?"

ፊያክራ ተጫወተለት። ፍራንሲ ግንባሩን ቋጥሮ አዳመጠ።

"እሷማ ውሻው ነው" አለ።

"ምን አሉ?"

"ሲቀዱን ነዋ! ውሻው በሩን በርግዶ ገባ። በእግሬ ላባርረው ስል ድምፅዋ አመለጠችኝ።"

ፍራንሲ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ልጁም አብሮት ሳቀ። ዜማውን እንደገና ሲጀምሩት ግን ሦስተኛው ዙር ላይ ልጁ ያቺኑ ድምፅ ዋጣት፤ ውሻው ያው በቦታው ገባ።

ኡና አልሳቀችም። ያናደዳት ስህተቱ አልነበረም። ፍራንሲ አንድን ዜማ ሁለት ጊዜ በአንድ መንገድ ሄዶበት አያውቅም፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ የተከተለችው ዜማውን ሳይሆን እሱን ነው። ይሄን ልጅ ለመከተል ጆሮ አያስፈልግም፣ ተኝቶም ይቻላል። ሌላም ነገር ነበር፣ ከንዴቱ የባሰ። የወንድሟ ጣቶች ሲሞቱ የሷም ሙዚቃ አብሮ ሞቶ ይሆን ብላ ፈርታለች። ተነስታ የታጠበ ሲኒ እንደገና አጠበች።

ወደ አዳራሹ ሲሄዱ ፊያክራ በራሱ መኪና ቀደመ። ኡና ወንድሟን ጭና ከኋላ ተከተለች። ዝናቡ ወርዶ ወርዶ አልወጣለትም።

"ቀስ በይ፤ በጉን ልትገጪው ነው" አለ ፍራንሲ።

"አይቼዋለሁ።"

"በጉስ አይቶሻል?"

ፍጥነቷን ቀነሰች። ትንሽ እንደሄዱ፣ "ፍራንሲ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህም?" አለችው።

"ልጁን ነው?"

"ልጁን ነው።"

"ወርቁ እኮ የኔ ነው፣ ኡና። እሱ ላይ አይቼው ደስ ካለኝ ምን አለበት?" ቀኝ እጁን አንስቶ አየውና መልሶ ጭኑ ላይ አኖረው። "እሱ ሲጫወት እጄ የተመለሰልኝ ይመስለኛል። ዛሬ ራሴን ልስማ። አንድ ቀን ብቻ።"

ኡና ዓይኗን ከመንገዱ ነቅላ አየችው። ይህ ሰው ከታመመ ወዲህ አንድም ቀን ለራሱ ምንም ለምኖ አያውቅም።

"ትሰማለህ" አለችው።

አዳራሹ ሞልቷል። እርጥብ ካፖርት ይሸታል፤ ጥግ ላይ ሴቶቹ ሻይና ቂጣ ያድላሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ፊያክራ ክሮቹን ይቃኛል። ኡና ወዲያና ወዲህ ስትል ቆይታ አጠገቡ ቆመች።

"ስማኝ። ዛሬ ትንሽ ለወጥ አድርገው። የፈለግክበት ሂድ፤ እኔ አላጣህም።"

"ወዴት ልሂድ? ፍራንሲ እንዲህ ነው የተጫወቱት።"

"አንድ ቀን ነው እንዲህ የተጫወተው! በማግስቱ ሌላ ነበር።"

"የማግስቱን አልቀዱትማ።" ልጁ አንገቱን ደፋ። "እኔ ካደግኩበት ሰፈር የሚወጣ ዜማ የለም፣ ኡና። የገበያ አዳራሽና አውራ ጎዳና ነው ያለው። የራሴ የምለው የለኝም። የእናንተን ሳገኝ አንድ ነገር እንዳይጎድልብኝ ብዬ ነው አጥብቄ የያዝኩት።"

ኡና አየችው። እስካሁን እንደ ሌባ ስታየው ነበር፤ ልጁ ግን እንደሷው ተከታይ ነው። ልዩነቱ እሷ የተከተለችው ሕያው ሰው መሆኑ ነው።

ቄሱ ስማቸውን ጠሩ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። መድረኩ ላይ ሁለቱ ወንበሮች እንደ ድሮው ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ወደ ሕዝቡ፣ የኡና ደግሞ የጓደኛዋን አንጓ እንድታይ ዞር ብሎ። ከሷ ወንበር ሲታይ ፍራንሲ ልክ ከፊያክራ ትከሻ ጀርባ፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነው። ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አዘጋጅቷል። የሰንበት ኮቱን ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ተላጭቶ፣ ራሱን ሊሰማ ይጠብቃል።

"ትሰማለህ" ብላዋለች።

ፊያክራ ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አስገባ።

"አንተ ታች ሂድ" አለችው በሹክሹክታ።

"ምን?"

"ታች። ዛሬ እኔ ነኝ ከላይ።"

ልጁ ደነገጠ። "እርስዎ እንዴት እንደሚጫወቱት አላውቅም እኮ!"

"እኔም አላውቅም።"

ወደ ወንድሟ እጅ አየች። እጁ ዝግጁ ነው። ካየችው እንደምትከተለው ታውቃለች፤ ሌላ ነገር አልተማረችም። ብድግ አለችና ወንበሯን አዞረች፤ እግሮቹ ሳንቃው ላይ ተንቋቁ። የፍራንሲ እጅ ከዓይኗ እስኪሰወር ድረስ አዞረችው። ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው አሳለ። ተቀመጠችና ደጋኗን ቀጭኑ ክር ላይ አሳረፈች።

መጀመሪያ ላይ ድምፁ ቀጥኖባት ነበር፤ የሰው ጫማ እንዳጠለቀ ሰው ተንገዳገደች። ፊያክራ ከታች ይፈልጋታል፣ ያገኛታል፣ ያጣታል። ሁለተኛው ዙር ላይ ደጋኗ መርዘም ጀመረ፤ የወንድሟን አጫጭር ምት ትታ፣ በወፍራሞቹ ክሮች የለመደችውን ረጅሙን የደጋን አሳሳብ ወደ ላይ ይዛው ወጣች። አዳራሹ ውስጥ ዜማውን እንዲህ ሲጫወቱት የሰማ ሰው አልነበረም። እሷም ሰምታው አታውቅም።

ከፊተኛው ረድፍ የለመደችው የጫማ ምት አልመጣም። ፍራንሲ ሲጫወትም ሲሰማም እግሩ ዝም ብሎ አያውቅም። ኡና አልዞረችም። ደጋኗንም አላቆመችም።

ሦስተኛው ዙር መጣ። ውሻው የሚገባባት ቦታ ላይ ልጁ ከታች ያቺን ድምፅ ዋጣት፣ ልማዱ ነው። ኡና ግን ቆመችባት። ሙሉ አድርጋ፣ ከማንም አስረዝማ ያዘቻት። ያኔ ከጀርባዋ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ሳቁን ታውቀዋለች።

ያቺን ድምፅ ስትለቃት አንድ ጫማ ሳንቃውን መታ፤ ከሷ ትንሽ ዘግይቶ፣ ወዴት እንደምትሄድ እያዳመጠ።