የቆመ አይመታም

ባሌ ከብት አራጅ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ውሻችን ሳወራ ሁሉም ሰው «እንዲህ ያለ ሰውዬ ደግሞ ውሻ ይወዳል?» እያለ ስለሚያበሽቀኝ ነው። ይወዳል። እኔን «እንዴት ዋልሽ» ሳይለኝ ውሻውን «እንዴት ዋልክ ጌታው» የሚል ሰው ነው። እኔም እዚያው ቄራ ሆድ ዕቃ አጣቢ ነኝ፤ ዕድሜያችንን ደም ላይ ቆመን ነው የፈጀነው። ደም ያየ ሁሉ ጨካኝ ቢሆን ኖሮ አዋላጆች በሙሉ ሰው በላ በሆኑ ነበር።

ውሻው ጉልቤ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ባሌ ነው፤ ገና ቡችላ ሳለ ከቄራው ጓሮ፣ ከራሱ የሚበልጥ አጥንት ከትልልቅ ውሾች አፍ ነጥቆ ሲሮጥ አይቶት ነው ያመጣው። በጎልማሳነቱ ሰፈሩን ያስገብር ነበር። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው እንኳ ግቢ አይገባም፤ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ስንት ይላል እመቤት?» ብሎ እኔን ይጠይቀኝ ነበር። አሁን ግን አርጅቷል። መጀመሪያ አልጋ ላይ መዝለል ተወ። ከዚያ የኋላ እግሮቹ እየተጠላለፉ ይጥሉት ጀመር፤ ሲራመድ ጥፍሩ መሬቱን ሲፍቅ ይሰማል። በመጨረሻ ከወገቡ በታች ያለው ሁሉ አልታዘዝ አለው።

ጠዋት ጠዋት አሮጌ አንሶላ በሆዱ ሥር አሳልፌ፣ ሁለቱን ጫፎች ከጀርባው በላይ ጨብጬ ወገቡን አነሳለታለሁ። እሱ በፊት እግሮቹ ይራመዳል፤ የኋላ እግሮቹ እኔ ነኝ። ግቢ ወጥተን ይሸናል። ስንመለስ በሞቀ ውሃ በነከርኩት ፎጣ ዳሌውን አሸዋለሁ፤ ገላው እንዳይቆስል በዚህ ጎኑ የተኛውን በዚያኛው አገላብጠዋለሁ። ሲያመው ይነክሰኛል፤ ወዲያው ደግሞ የነከሰኝን ቦታ ይልሰዋል። ባሌ አንሶላውን ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። «ብርድ ነው የመታው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይነሳል» ይላል። ስንት ፀሐይ ወጣች፤ ጉልቤ አልተነሳም።

የባሌን ነገር ለመረዳት የቄራውን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። በእግሩ ቆሞ የገባ ከብት በቢላዋ ይታረዳል። የወደቀ ግን ሥጋው ለሰው አይሆንም፤ ግንባሩን በመዶሻ ተብሎ ጉድጓድ ይጣላል። ስለዚህ ከብት ሲወድቅ ለማስነሳት የማይደረግ ነገር የለም። ጅራቱ እስኪንቋቋ ይቆለመማል፣ ጎኑ ይረገጣል፣ ጆሮው ውስጥ ውሃ ይፈስበታል። እምቢ ሲል አፍንጫው በመዳፍ ይታፈናል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ደንግጦ ብድግ ይላል። የሚያስነሳው ሰው ታዲያ «አዳንኩት» ነው የሚለው፤ ከመዶሻው ማለቱ ነው። በዚህ ሥራ ባሌን የሚያህል የለም። መዶሻውን የሚይዘው ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ነው።

ጋሼ እንለዋለን። አባታቸው ሲሞት ባሌን ያሳደገው፣ ሥራ ያስገባው እሱ ነው። ባሌ ዛሬም ፊቱ እግሩን አነባብሮ አይቀመጥም። ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም እንስሳት ሲሠቃዩ ማየት አይችልም። ግን ሥቃይ የሚያቆምበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። አንድ ሰኞ ሊጠይቀን መጣና ጉልቤን በራሱ ሽንት ውስጥ ተኝቶ አገኘው። በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

«ይሄ እኮ ሞቷል፤ መርዶው ነው ያልደረሰው» አለ።

«ብርድ ነው ጋሼ» አለ ባሌ።

«ይሄ ብርድ ከሆነማ እኔም ኮረዳ ነኝ።»

«ይነሳል ስልህ!»

ጋሼ የጫማውን ጫፍ መሬቱ ላይ ጠረገ። «እሺ። እሁድ እመጣለሁ። በአራት እግሩ ቆሞ ካገኘሁት እጄን አላነሳበትም። ወድቆ ካገኘሁት እገላግለዋለሁ። ደንባችን ነው። ተስማማህ?»

ባሌ እጁን ዘርግቶ መታለት። ደሜ ፈላ። «በውሻዬ ነፍስ እጅ ትማታላችሁ? በሬ ነው እንዴ? ማን ሊበላው ነው?» ብዬ ጮህኩ። አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩኝም። እናቴ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ስትል እስቅ ነበር።

እኔ የፈለግኩት ብዙ አልነበረም። ጉልቤ በራሱ ቀን፣ በራሱ ምንጣፍ ላይ፣ ማንም ሳይመታው እንዲሞት ብቻ ነው። የቄራውን ሐኪም ጠይቄው «ይሄ እርጅና ነው፤ መድኃኒት የለኝም። ማንሳቱ ካልከበደሽ አንሺው፤ ሩቅ አይሄድም» ብሎኛል። አልከበደኝም። «እሁድ በአንሶላው አቆመዋለሁ» አልኩት ባሌን።

«በአንሶላ የቆመ ቆመ አይባልም» አለ። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ሥጋ ከጉልቤ አፍንጫ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ጉልቤ በፊት እግሮቹ ይፍጨረጨራል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ወገቡ ግን ከመሬት አይላቀቅም። «ስጠው እንጂ፣ አንጀቱን አታድብነው!» ስለው «ተነስቶ ይበላል» ይለኛል። ፊቱን ሲያዞር እኔ በድብቅ አጎርሰዋለሁ።

እሁድ ጠዋት ሌላ መላ መጣልኝ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ጓዳዋን እንድታውሰኝ ልለምናት ሄድኩ፤ ጋሼ መጥቶ እስኪሄድ ጉልቤን እዚያ ላሸሸው። እሺ አለችኝ። «ውሻሽ ጨርቄ ላይ ከሸና ግን አንቺን ነው የማሳጥብሽ» ስትለኝ እየሳቅን ሳለ ጩኸቱን ሰማሁት። ውሻ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ፤ ሮጥኩ።

ባሌ ጉልበቱን ጉልቤ ጎን ላይ ተክሎ፣ በአንድ እጁ ጅራቱን ቆልምሞ፣ በሌላው አፍንጫውን አፍኖ ይዞታል። ክንዱ እስከ ክርኑ ደም በደም ነው፤ ጉልቤ ነክሶታል፣ ደጋግሞ ነክሶታል። የጅራቱ አጥንት ሲሰበር ቀጭ ሲል ሰማሁ።

«ተነሳ! ተነሳ አልኩህ! መጣብህ እኮ! ተነሳልኝ!» ይላል። ያለቅሳል፤ እንባና ንፍጡ ተቀላቅሎ አገጩ ላይ ይወርዳል። እጆቹ ግን ሥራቸውን አላቋረጡም፤ ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት ሥራ ነው።

ከደጃፉ ዘነዘናውን አንስቼ ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። አልዞረም። ደገምኩት። በሦስተኛው ጆሮ ግንዱን አገኘሁት፤ ደሙ በአንገቱ ወረደ፣ እጁም ላላ።

ያን ጊዜ ጉልቤ ቆመ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በአራት እግሩ! የኋላ እግሮቹ ይንዘፈዘፋሉ፣ ሽንቱ በመሃላቸው ይፈስሳል፣ የተሰበረው ጅራቱ ተንጠልጥሏል። ዓይኑ ፈጥጦ ባሌ ላይ ተተክሏል።

የግቢው በር ተከፈተና ጋሼ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ።

«ቆመ! ጋሼ፣ ተመልከት፣ ቆሟል!» ባሌ በዚያ በደም በተለወሰ ፊቱ ሳቀ። በደስታ ሊያቅፈው ሁለት እጁን ዘረጋ። ጉልቤ ከእጆቹ ሊሸሽ ዘወር ሲል ወደቀ።

ጋሼ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወደቀ» አለ። እጅጌውን ሰበሰበ። «ዞር በል ወንድሜ። አንተ አታይም።»

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ጉልቤ ላይ ልደፋበት ስሮጥ ባሌ ቀደመኝ፤ የዘለለው ግን ወንድሙ አንገት ላይ ነው። ሁለቱ ተያይዘው ከግድግዳው ተላተሙ፣ የውሃ በርሜሉን ገለበጡት፣ ጭቃው ላይ ተንከባለሉ። ጋሼ በግንባሩ የባሌን አፍንጫ መታው። ባሌ የጋሼን ጆሮ በጥርሱ ይዞ ጎተተ፤ ከጉንጩ እስከ አንገቱ ደም ለበሰ። «ኧረ በቃ! ኧረ የሰው ያለህ!» እያልኩ በማገኘው ሁሉ ሁለቱንም እደበድባለሁ። ማን መዶሻውን ቀድሞ እንደያዘ አላየሁም። ሲነሳ ያየሁት በባሌ እጅ ነው። አንዴ ብቻ አወረደው። የጋሼ ቅልጥም ሲሰበር የወጣው ድምፅ ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ የምሰማው ድምፅ ነው።

ጋሼ ተዘረረ። ባሌ ከላዩ ቆሞ «ተነሳ!» አለው።

ጋሼ መሬቱን እየቧጠጠ ሞከረ። አልቻለም።

«ተነሳ አልኩህ!» ኮሌታውን ይዞ ጎተተው፤ ጎኑን ረገጠው፤ እንደገና ረገጠው። መዶሻው አሁንም በቀኝ እጁ ነው። ጋሼ መዶሻውን አየ፤ ደንቡን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ያ ግዙፍ ሰው ግንባሩን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ ነኝ» አለ።

መዶሻው ጭቃው ላይ ወደቀ። ባሌም አጠገቡ ተቀመጠ። ጎረቤት ሲደርስ ሁለቱ ተቃቅፈው ያለቅሱ ነበር፤ ማን ማንን እንደመታ ለማወቅ የቸገራቸው ነበሩ።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ምን እንደገጠመው ስትጠይቀው ጋሼ «ከደረጃ ወድቄ ነው» አላት። «ጆሮህስ?» ስትለው «ደረጃው ነዋ» አለ። ቤታችን ደረጃ የሚባል ነገር የለውም። እግሩ በጄሶ ታሰረ። ባሌ በየቀኑ እየሄደ ያጥበዋል፣ ተሸክሞ ሽንት ቤት ይወስደዋል። ጄሶው ሳይፈታ ጋሼ «መምታትስ ትመታለህ አንተ!» ብሎ ቀለደበት፤ በዚሁ ታረቁ። ሰው እንዲህ ነው። ውሻ ዘንድ ግን ሽማግሌ አይላክም።

ጉልቤ ያን ቀን እየተሳበ አልጋ ሥር ገብቶ ነበር። እኔ ስጠራው ይወጣል፤ አንሶላውን አሳልፌ ሳነሳው ይራመድልኛል። የባሌ ቦት ጫማ በር ላይ ሲሰማ ግን ባለበት ይሸናል። ባሌ ሥጋ አመጣለት፤ አልቀመሰም። መሬት ተኝቶ በዚያ በሰባራ አፍንጫው «ጌታው፣ እኔ ነኝ» ብሎ ጠራው፤ ጉልቤ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ተንቀጠቀጠ። ከመዶሻ ያዳነው እሱ ነው፤ ይህን ለውሻው ማን ያስረዳዋል? ከዚያ ወዲህ ባሌ ጫማውን ከበር ውጭ እያወለቀ፣ እኔ ጉልቤን አብልቼ፣ አሽቼ፣ እስካስተኛው መንገድ ላይ ይቆማል። ዝናብም ቢሆን ይቆማል። አላፊ አግዳሚው «ሚስቱ አባረረችው» ብሎ ያማናል። ስሰማ አልቆጣም፤ ሆዴ ግን ለሁለቱም ይባባል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳሌውን እያሸሁለት ጉልቤ ረጅም ትንፋሽ አወጣ፤ ሌላ አላስከተለም። ማንም አልመታውም። ምንጣፉ ላይ ነበር፣ ራሱ ጭኔ ላይ። የተመኘሁትን አገኘሁ ማለት ነው። አለቀስኩ፤ ፊቴን በአንሶላው ጠረግኩና በሩን ልከፍት ሄድኩ።

ባሌ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በካልሲው ቆሟል።

«በላ?» አለኝ።

«ግባ» አልኩት።

ወደ ውስጥ አጮለቀና ድምፁን ቀነሰ። «ቆይ፣ ይተኛ። ይፈራኛል።»

«ግባ» አልኩት። «ከእንግዲህ አይፈራህም።»