ባዶ የማይሄደው መኪና

የመንገድ ሚኒስትሩ ትናንት ያነክሱ የነበረው በቀኝ እግራቸው ነው። ዛሬ በግራው እያነከሱ ገቡ።

እማማ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ሆነው አዩና ዝም አሉ። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ እያዩ ዝም ማለትን ለምደዋል። ልቅሶ ደራሹ ይገባል፣ "እግዜር ያጥናዎት" ይላል፤ እሳቸው "አሜን" ይላሉ፤ ሻይ ይቀርባል፤ ከዚያ ሹክሹክታው ከጥግ ጥግ ይሳባል። ሚኒስትሩ ተቀምጠው የታመመውን እግር በጤነኛው ላይ ሲያነባብሩ ግን መቻል አቃታቸው። ሻይ ይዛ የምታልፈውን የልጅ ልጃቸውን በቀሚሷ ጫፍ ያዙ።

"እኚህ ሰውዬ ምን አገኛቸው?"

"ጅማት ነው ይላሉ፣ እማማ።"

"ጅማት ከእግር እግር ይዘላል እንዴ?"

የልጅ ልጃቸው ከንፈሯን ነክሳ አለፈች። ቤተ ዘመዱ በሥራዋ "ዳኛዋ" ነው የሚላት። የሟቹ አንድያ ልጅ ናት፤ ገና ጡት ሳትጥል እናቷ ስለሞተችባት እማማ ናቸው ያሳደጓት። ዛሬም ብርድ ሲመጣ ሹራብ ደርቢ፣ መንገድ ስትሻገሪ ግራ ቀኝ እይ ይሏታል፤ ሌባና ወንበዴ ፊቷ ቆሞ የሚንቀጠቀጥላትን ሴት።

የሚያነክሱት ብቻቸውን ቢሆኑ ባልከፋ። የትምህርት ሚኒስትሩ አንድ ዓይናቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ነው የመጡት። የወደቡ ኃላፊ መርሳት ጀምሮኛል፣ ስሜን እንኳ ሰው ሲጠራኝ ነው የማስታውሰው እያሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ላገኙት ሁሉ ይናገራሉ። የጤና ሚኒስትሩ ደግሞ ቤቱ እስኪነቃነቅ ይስላሉ፤ ጎረቤቶች የጤናው እንዲህ ከሆኑ እኛ ምን ይዋጠን ተባብለዋል። እማማ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐዘናቸውን ረስተው ለእነዚህ ሰዎች ሲጨነቁ ነበር፤ ለአንዱ ትራስ፣ ለአንዱ ሙቅ ውኃ፣ ለአንዱ ነፋስ የማይነካው ቦታ። ኋላ ዓይነ ስውር ሊሆኑ ነው የተባሉት ሰውዬ ከወዲያ ማዶ ግድግዳ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ደቃቅ ፊደል ሲያነቡ ያዟቸው።

ነገሩን የገለጠላቸው ሾፌሩ ነው።

ሾፌሩ ሽበቱ የገነነ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ጥቁሩን የመንግሥት መኪና ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። ሟቹን ለመውሰድ ነው የሚመጣው። መኪናው ይቁም የሚለውን ትእዛዝ መፈረም የሚችለው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብቻ ነው፤ ሚኒስትሩ ሟቹ ራሱ ነው፣ በቦታው የተተካ የለም፣ ስለዚህ መኪናው ይመጣል። ሾፌሩ ይወርዳል፣ የኋላውን በር ይከፍታል፣ ሰው ገብቶ ልብሱን አስተካክሎ እስኪቀመጥ ድረስ የሚሆን ጊዜ ይጠብቃል፣ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋና ይሄዳል። እማማ በመስኮት ያዩታል። በሩ ሊዘጋ ሲል መኪናው በመስኮቱ በኩል ዝቅ ይላል። የመጀመሪያ ቀን የእርጅና ዓይን ነው ብለው ተዉት። ሁለተኛው ቀን መነጽራቸውን አደረጉ። ዝቅ አለ።

አንድ ጠዋት ሻይ ይዘው ወጡ።

"ባዶ መኪና ለምን ቀስ ብለህ ትዘጋለህ፣ ልጄ?"

ሾፌሩ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀበለ። "በሩ አጠገብ ያቺን ጉድጓድ ያዩዋታል፣ እማማ? ባዶ መኪና እዚያ ላይ ይዘላል። ይሄ አይዘልም።"

እማማ ሻሻቸውን አጠበቁ። ያንን ነገር ልትጠይቂ አይደለም የመጣሽ ብለው ራሳቸውን ተቆጡና ሌላውን ጠየቁ፤ ሰዎቹን ምን ነካቸው? ሾፌሩ ነገራቸው። ልጃቸው የነበረበት ወንበር ሰው አይቀበለውም። ከልጃቸው በፊት የነበረው ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ፣ ውኃ ልጠጣ ብሎ ወጥቶ፣ ከአገር ጠፋ። ከዚያ በፊት የነበረው አንድ ቀን ቤቱ ገብቶ መናገር ተወ፤ ሚስቱ እስከ ዛሬ ፊቱን ከግድግዳ መመለስ አልቻለችም። ሦስተኛው የእማማ ልጅ ነው፤ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ እስክሪብቶው ሳይከፈት። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። ከተማው እየታመሰ፣ ሰልፈኛው ከአደባባዩ አልነሣ እያለ፣ የመንግሥቱ አለቃ ለወንበሩ ሰው ይፈልጋሉ፤ ያልተለመነ የለም። ሁሉም ታመመ። ልቅሶውም ቢሆን መታመማቸውን ማስመዝገቢያ ነው የሆነላቸው፤ የአለቃው ዋና ጸሐፊ ስለሚመጡ።

"ጤነኛ ሰው ከታየ አለቀለት፣ እማማ" አለ ሾፌሩ።

እማማ ብርጭቆውን ተቀብለው ሲመለሱ ዳኛዋ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወርድ አዩ። ያያት ሰው እንዳለ ግራ ቀኝ አዩ።

ልጃቸው ገና ትምህርት ቤት ሳለ የክፍሉ መስኮት ተሰበረ። መምህሩ ማን ነው ብለው ጠየቁ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥታው ቆየ። የእማማ ልጅ ብድግ አለ። መስኮቱን አልሰበረም፤ በዚያን ቀን ኳስ እንኳ አልነካም። ማታ እያለቀሱ ለምን ብለው ሲጠይቁት "እማዬ፣ ዝምታው አስጨነቀኝ" ነው ያላቸው። በኋላም እንደዚያው ነበር። የሞተ ሰው ዕዳ ለማን ይሁን ሲባል እሱ፤ የተጣሉ ባልና ሚስት ማን ያስታርቅ ሲባል እሱ። ሰፈሩ "አቶ እሺ" ብሎ ስም አወጣለት። ሚኒስትር የሆነውም በእሺ አይደለም፤ እሱንስ ቢል ባልቆጨ። ስብሰባ ላይ ማን ይሁን ተባለ፣ ሁሉም ጠረጴዛውን አየ፣ የእማማ ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ። ተቀበለ ተብሎ ተጨበጨበ።

ያን ቀን ከሰዓት ዋና ጸሐፊው መጡ። ቀጭን፣ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው፣ የተቀበሉትን ሻይ ይዘው የሚያቀዘቅዙ ሰው ናቸው። ሳሎኑ ሞልቷል። የጤናው ሳሉ፣ ዓይነ ስውሩ በእጃቸው ዳብሰው ወንበር ፈለጉ፣ የመንገዱ እግራቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። ዋና ጸሐፊው ስለ ሟቹ ትዕግሥት ጥቂት ተናገሩና፣ በሐዘን ቤት ይህን ማንሳት ነውር መሆኑን እያወቁ እንደሚያነሱት፣ አገር ግን ሐዘን እንደማይቀመጥ ገለጹ። ከዚያም ሻዩን እያዩ ጠየቁ።

"እንግዲህ ማን ይሁን?"

ሳሉ ቆመ። አንድ ወንበር ሲጢጥ ብሎ ዝም አለ። እማማ ዝምታውን ያውቁታል፤ ከመስኮቱ ቀን ጀምሮ ያውቁታል፤ ቤታቸው ድረስ ተከትሎ መጥቶ መሐላቸው የተቀመጠ መሰላቸው። ከጀርባቸው ዳኛዋ በአፍንጫዋ አየር ስትስብ ሰሙ። ልክ እንደ አባቷ፣ ጉሮሮ ከመጥረግ በፊት። እማማ የያዙትን ብርጭቆ ለቀቁት።

ብርጭቆው ደቀቀ። ሁሉም ወደ ወለሉ አየ። ዋና ጸሐፊው ብቻ ወደ ዳኛዋ አዩ።

"አንቺ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ልጄ?"

"ደህና ነኝ" አለች።

ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ሳል የሚባል ነገር ጠፋ። የወደቡ ኃላፊ የሟቹን ልጅ በሙሉ ስሟ ጠርተው፣ የተማረችበትን ትምህርት ቤት ሳይቀር አስታውሰው አጽናኗት። የመንገድ ሚኒስትሩ ሲወጡ ደረጃውን በሁለቱም እግራቸው ወረዱ።

ሰው ሲወጣ እማማ ስብርባሪውን ልልቀም አሉ፤ ዳኛዋ እጅዎን ይቆርጥዎታል ብላ ቀማቻቸው።

"እምቢ በይ" አሏት።

"ነገ ጠዋት መኪናው ይመጣል። ካልፈለግሽ አትግቢ ብለውኛል፤ ከገባሽ ግን በሬዲዮ ይነገራል።"

"እሱ እምቢ አይደለም። በአፍሽ እምቢ በይ።"

"ሰው ሁሉ ዝም ካለ፣ እማማ፣ የሆነ ሰው..." አለችና ተወችው። አልጨረሰችውም። አባቷም አይጨርሰውም ነበር። ከመስቀያው የአባቷን ኮት አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። አባቷ ትከሻው ሰፊ ነበር፤ እሷ ቀጭን ናት። ኮቱ ልክ መጣ። እማማ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ጠዋት መኪናው መጣ። እማማ ቀድመው ለብሰው፣ ደህናውን ጫማቸውን አድርገው፣ ወፍራሙን ሻል ደርበው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሾፌሩን ምን ተብለህ መጣህ ብለው ጠየቁት።

"ገብቶ የተቀመጠውን ይዘህ ና።"

"ስም አልጠሩልህም?"

"የሚጠራ ስም ፈርተው ነው መሰለኝ፣ አልጠሩም።" ሾፌሩ በሩን ለመክፈት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ከዚያ የሚናገረው ከብዶት እንደ ነበር ሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራቸው። በሞተበት ዋዜማ ልጃቸውን ከቢሮ ሲመልስ ዙሪያውን በጓሮ መንገድ ውሰደኝ፣ አደባባዩን ልይ ብሎት ነበር። ሰልፈኛው ተቀምጦ ነበር፤ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው። በጥይት በትኗቸው የሚለው ትእዛዝ ጠረጴዛው ላይ ፊርማ ይጠብቃል። "ሲያዩ ቆዩና ሳቁ፣ እማማ። ዛሬ እምቢ አልኩ እኮ አሉኝ። እንደ ልጅ ነው የሳቁት። ነገ መልሰው ይጠይቁኛል፣ ነገም እላለሁ አሉ።"

እማማ የመኪናውን ጣሪያ ተደግፈው ቆሙ። አቶ እሺ። ያን ሁሉ ዘመን ያላወጣት ቃል፣ አንድ ቀን ወጥታ ልቡን ይዛው ሄደች። ቢነግራቸው ኖሮ አይዞህ ይሉት ነበር፤ ሹራብ ደርብ ይሉት ነበር።

ከኋላቸው የቤቱ በር ተከፈተ። ዳኛዋ ናት፤ አንዱን የኮቱን እጅጌ አግብታ ሌላውን እየፈለገች።

"እማማ? ወዴት ነው?"

"አንቺ ችሎት አለሽ" አሏት ሳይዞሩ። "ሂጂ ፍረጂ። ልባሽ ኮት ደግሞ አውልቂ፣ ብናኙ ያስነጥስሻል።"

ወደ ሾፌሩ ዞሩ። "ለእነዚያ ሰዎች የምሰጠው መልስ አለኝ፤ ልጄ ጀምሮት ሳይጨርሰው የሄደው። ታማለች ካሉኝም እውነታቸውን ነው፤ እኔ ጉልበቴም ዓይኔም የታመመው ከምሬ ነው።"

ሾፌሩ ዳኛዋን አየ፣ እማማን አየ። "ገብቶ የተቀመጠውን ነው የተባልኩት" አለና በሩን ከፈተ።

መቀመጫው በመስኮቱ በኩል ጎድጎድ ብሏል፤ ሰው እንደ ተቀመጠበት፣ ቆዳው ተጨማዶ። እማማ ጎንበስ ብለው እጃቸውን አሳረፉበት። ሞቃት ነበር። አልደነገጡም። እንደ መደንገጥ ያለው ሁሉ ትናንት ከብርጭቆው ጋር ከእጃቸው ወድቋል።

"ጠጋ በልልኝ፣ ልጄ" አሉ።

ሰው እስኪጠጋ ድረስ የሚሆን ጊዜ ጠበቁና ገቡ። ጫፉ ላይ፣ ቦታ ሳይሻሙ ተቀመጡ። ሾፌሩ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። መኪናው ጉድጓዷ ላይ ሲደርስ አልዘለለም።

ጠዋቱ ይበርድ ነበር። እማማ ሻሉን ከትከሻቸው አወረዱና በጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፤ ትርፉን ወደ መስኮቱ በኩል ሳቡት፣ ዳሩንም ከሌላው ጉልበት ሥር ነፋስ እንዳይገባ ወተፍ አደረጉት።