የሸክላው ጀርባ

"አባባ፣ ቁልፉን የሚጫኑት ድምፅ ሲሰሙ ብቻ ነው።"

"እየሰማሁ ነዋ፣ ልጄ!"

"ገና ምንም አልላክሁም እኮ።"

ሽማግሌው ከመስታወቱ ማዶ፣ የጆሮ ማዳመጫው እንደ ጠበበ ባርኔጣ አናታቸው ላይ ተቀምጦ፣ ቅር ብሏቸው አዩአት። "እንግዲህ እኔ የሰማሁትን ሰምቻለሁ" አሉና ቁልፉን ደግመው ተጫኑት። እሷ ፊት ያለችው ትንሽ መብራት በራች።

ፈገግ ብላ ጠበቀቻቸው። የመስማት ምርመራ ሥራ ግማሹ መጠበቅ ነው። ለማይሰማ በቀረበ ቀጭን ድምፅ ትጀምሪያለሽ፤ ከዚያ ጥቂት ጥቂት እየጨመርሽ፣ ሰውየው ልብ የሚልበትን ቦታ ትፈልጊያለሽ። ክሊኒኩ ውስጥ ለዚህ ሥራ ከሷ የተሻለ ትዕግሥት ያለው የለም ይባላል። ትዕግሥት ይሁን ዝምታ ግን ማንም ለይቶ አያውቅላትም።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ታካሚ ውስጥ እያለ ስልክ አታይም፤ ዛሬ ግን ዓይኗ ቀደማት። መልእክቱ የጎሚስታው ነበር። "የረጅሙ ልጅ ሥራ ደረሰ። ስሚውና ዛሬውኑ መልስ ስጪኝ። የሸክላ ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀን ነው።"

በቀኝ ጆሮ መላክ የነበረባትን ድምፅ በግራ ላከችው።

"ይኸው!" አሉ ሽማግሌው በድል። "አሁንስ?"

"አሁን ትክክል ነዎት፣ አባባ።"

ጎሚስታው ቀን ቀን የመኪና ጎማ ይጠግናል። ከሱቁ በስተኋላ፣ ድሮ ያለቁ ጎማዎች ይከመሩበት በነበረ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሙዚቃ ያሳትማል። ሬዲዮ የማያጫውተው፣ በየመጋዘኑ በሚደረጉ ጭፈራዎች ላይ ብቻ የሚሰማ፣ በኮምፒዩተርና በማሽን የሚሠራ የዳንስ ሙዚቃ ነው። በሸክላ ያሳትመዋል፤ ብዛቱም በአንድ መኪና የኋላ ኮፈን የሚጫን ነው። ሠሪዎቹ እንደ ትልቅ አሳታሚ ድርጅት "ሌብሉ" ይሉታል፤ የጎሚስታው ሚስት ደግሞ "ያ ጉድጓድ"።

አዲሱ ሸክላ የሷ ነበር። የመጀመሪያዋ። እንደ ልማዱ ፊቱ ላይ የራሷ ሥራ ይወጣል፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ያንኑ ሥራ ሌላ ሰው በራሱ መንገድ አፍርሶ እንደገና ይሠራዋል። ጎሚስታው "ሪሚክሱን ማን ይሥራልሽ?" ብሎ ሲጠይቃት አፏ ሳታስበው "ረጅሙ" አለ። ከዚያ በኋላ ቃሏን ልትመልስ ብትፈልግም ምክንያት ማቅረብ ነበረባት፤ ምክንያት ከማቅረብ ደግሞ ዝም ማለት ይቀላታል።

በቁመቱ ረጅሙ ከሚሉት ከዚህ ልጅ ጋር ዓመታት አብረው ሠርተዋል፤ በእናቷ ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ አሮጌ ኪቦርድ። እሷ መጫወት አትችልም። ዜማው ሲመጣላት በከንፈሯ ታንጎራጉረዋለች፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ እያዳመጠ በጣቱ ይፈልገዋል። አንዳንዴ ሳትጨርሰው ያገኘዋል። ከዚያ በሌላ ከተማ ለማስታወቂያ ሙዚቃ የሚሠራበት ሥራ አገኘና ሄደ። አውቶቡስ ተራ ልትሸኘው ስትወጣ "እንግዲህ..." አላት። "እሺ" አለችው። ሌላ የተባባሉት ነገር የለም። አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ ግን ብዙ ነገር ብላዋለች፤ በመንገድ ላይ፣ በመታጠቢያ ቤት፣ በዚሁ በምርመራ ክፍል ውስጥ።

ለሪሚክስ ሙዚቃው እንዳለ አይላክም። ክፍሎቹ ተነጣጥለው፣ ከበሮው ለብቻ፣ ቤዙ ለብቻ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ፋይል ይላካል። እሷም አዘጋጅታ ላከችለት። አብሮ የሚሄደውን መልእክት ለመጻፍ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀባት። የላከችው "ክፍሎቹ እነዚህ ናቸው። አመሰግናለሁ" የሚል ነው። እሱም "ደርሶኛል" ብሎ መለሰ።

በምሳ ሰዓት የሥራ ጓደኞቿ ሲወጡ፣ እሷ ታካሚ የሚቀመጥበት ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ከሕንፃው ሁሉ ጸጥ ያለው ቦታ ያ ነው፤ የራስ ምራቅ ሲዋጥ ይሰማል። ማዳመጫዋን አጠለቀችና ሙዚቃውን ከፈተችው።

የጠበቀችው ከበሮ ነበር። የመጣው ትንፋሽ ነው። የሴት ትንፋሽ፣ ቅርብ፣ ከማይክራፎን ጋር ያልተላመደ። ቀጥሎ ሴትዮዋ ማንጎራጎር ጀመረች። ቃል የለውም፤ ዝቅ ያለ፣ ዳር ዳሩ የሚንቀጠቀጥ "እምም" ብቻ። ምን ዓይነት ዘፋኝ አገኘ ብላ ቀናች። ቅናቱ ገና ሳይለቃት ድምፁን አወቀችው።

የራሷ ነበር።

ወራት የደከመችበት ከበሮ የለም። በየማሽኑ ያጣራችው ድምፅ ሁሉ የለም። ያለው እንጉርጉሮዋ ነው፤ በላዩ ላይ እንጉርጉሮዋ ተደርቦ፣ ከሥሩ ደግሞ ከጎረቤት ግድግዳ ላይ ጡጫ የሚያርፍ የሚመስል ደብዛዛ ምት። ድምፁ እየተደራረበ፣ እየጠበቀ፣ እየጠበቀ ሄደና፣ መተንፈሻ ሊያጣ ሲል፣ እዚያው ቅጂው ውስጥ ከሌላ ክፍል አንዲት ሴት ጮኸች፦

"አንቺ! ወተቱ ገነፈለ እኮ!"

እና ከበሮው ገባ። ወንበሩ ላይ እያለች ትከሻዋ ሳያስፈቅዳት ተነሣ።

የሆነው ነገር ቀስ ብሎ ነው የገባት። ዜማው መጀመሪያ የመጣላት እቤት፣ ወተት ጥዳ ቆማ ሳለ ነው። እንዳይጠፋባት ብላ ስልኳ ላይ ቀዳችው፤ በኋላ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከሁሉም መስመር በታች አስቀምጣ፣ ድምፁን ዘግታ፣ እሱን እያየች ቤዙን ሠራች። ፋይሎቹን ለመላክ "ሁሉንም አውጣ" ብላ ስታዝዘው፣ ኮምፒዩተሩ የተዘጋውንም አብሮ አወጣው። ማሽን እፍረት አያውቅም።

እንደገና ሰማችው። ለምን ይህንን መረጠ? እሷን ስለናፈቀ ነው? ወይስ ጥሩ ድምፅ ስለሆነ ብቻ? ረጅሙ ጥሩ ድምፅ ካገኘ የጎረቤት በር ሲጢጥ ቢል እንኳ አይምርም። ደግማ ደጋግማ ብትሰማውም መልስ አላገኘችበትም። በሩ ተንኳኳ። ታካሚ መጥቷል።

ከሥራ እንደወጣች ጎሚስታው ጋ ሄደች። እጁን በግራሶ ጨርቅ እየጠረገ በጎማዎቹ መሐል ቀደማት፤ ከኋላ ክፍል ሙዚቃው ግድግዳውን እያንቀጠቀጠ ይሰማል።

"መጣሽ ዝምተኛዋ? ነይ ግቢ፣ ግቢ! ሰማሽው አይደል? እኔ ጠዋት ስሰማው የሰው ጎማ ነፍቼ ነፍቼ ላፈነዳ ነበር።"

"ሰማሁት፣ ጋሼ።"

"እና ዝም? ልጅቷን ከየት ነው ያመጣት? ማንን ብጠይቅ አያውቃትም። ስሟን ንገረኝ ብሎ ማተሚያ ቤቱ ይጨቀጭቀኛል። ድምፅ፦ ብዬ ማንን ልጻፍ?"

ወለሉን አየች። ወለሉ ላይ የጎማ ቡሎን ወድቋል። "እኔ ነኝ" አለች።

"አንቺ ምን?"

"ድምፁ። የኔ ነው።"

ጎሚስታው ሙዚቃውን ዘጋና አተኩሮ አያት። ከዚያ እንደ ሕፃን ሳቀ። "አንቺ? አንቺን እኮ እንዴት ዋልሽ ሲሉሽ እንኳ መልሱን በራስሽ ነቅንቀሽ ነው የምትሰጪው! እና ያቺ የምትጮኸውስ?"

"እማዬ ናት።"

"ጉድ በይ! የሳቸውንም ፈቃድ መጠየቅ ነው እንግዲህ።"

"ጋሼ፣ ይቅር። በስህተት የሄደ ነው። እሱን አውጥቶ ሌላ ይሥራ።"

ሳቁ ቆመ። ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ስሚ" አለ፣ "የራስሽ ድምፅ ነው፣ ይቅር ካልሽ ይቀራል። ግን እኔ አልነግረውም። እዚህ ቤት የሰው ሥራ የሚወድቀው ሠሪው በጆሮው ሰምቶ ነው። ልጁ ለዚህ የስንት ቀን እንቅልፉን እንዳጣ ታውቂያለሽ፤ ያስታውቃል። ደውዪለት።"

"በጽሑፍ ብልክለትስ?"

"ደውዪ አልኩሽ!"

ደጅ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ጎሚስታው "መጣሁ፣ መጣሁ! ጎማህ እንጂ አንተ አልተነፈስክ!" እያለ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ እሷ፣ ባዶ የሸክላ ልባሶችና ስልኳ ቀሩ። ስሙን አውጥታ አየችው። መልሳ አጠፋችው። ድጋሚ አወጣችው። ጣቷ ሳይጫን አይቀርም፤ መጥራት ጀምሯል።

"ሃሎ?"

"እኔ ነኝ።"

"አውቄአለሁ።" ከጀርባው የሕፃናት መዝሙር የመሰለ ነገር ይሰማል። "ቆዪ፣ ልዝጋው። የሳሙና ማስታወቂያ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አረፋ፣ አረፋ ሲሉብኝ ነው የዋሉት።" ድምፁ ጠፋ። "ሰማሽው?"

"ሰማሁት።"

"እና?"

"እማዬ አለችበት።"

ሳቀ። ሳቁ አልተለወጠም፤ መጨረሻው ላይ አሁንም ወደ ውስጥ ይተነፍሳል። "እትዬማ ዋናዋ ናቸው! እሳቸው ባይጮሁ ከበሮው የት እንደሚገባ አላውቅም ነበር። ወተቱስ ተረፈ?"

"አልተረፈም።"

 ከዚያ እሱ ቀስ ብሎ፣ ቃላቱን እየመረጠ ጀመረ። "ፋይሎቹን ስከፍት ከሁሉም በታች አገኘሁት። ስም እንኳ አልሰጠሽውም። እንደ ድሮው እንሥራ ነው ያለችኝ አልኩ፤ እሷ ታንጎራጉር፣ እኔ ልፈልግ። ሌላውን ሁሉ የተውኩት ለዚያ ነው። አንቺ እንዲህ ያለ ነገር በቃል እንደማትዪ አውቃለሁ። ስትልኪልኝ... ምን ልበልሽ፣ ደስ አለኝ።"

ግድግዳውን ተደገፈች። ቀኑን ሙሉ የጠየቀችው ጥያቄ መልስ አገኘ፤ እሱ የመለሰው ግን እሷ አስባ ላልላከችው ነገር ነው። "አዎ" ብትል ያልቃል። አንድ ቃል ናት። እሱም ዕድሜ ልኩን አያውቅም። ግን ከዚህ ወዲያ ደስ ባለው ቁጥር በማን ደስ እንዳለው ልታስብ ነው፤ በሷ ነው ወይስ በኮምፒዩተሩ።

"በስህተት ነው" አለች።

"ምኑ?"

"የላክሁት። ዘግቼው ነበር። ሁሉንም ሳወጣ አብሮ ወጣ። ዛሬ ስሰማው ነው ያወቅሁት።"

"አሃ" አለ።

ያንን "አሃ" ታውቀዋለች። ብዙ የደከሙበት ሥራ አልሆን ሲል፣ ከኪቦርዱ ላይ እጁን ሲያነሳ የሚላት ነው። ወዲያው ድምፁ የሥራ ድምፅ ሆነ፤ ለሳሙናዎቹ ሰዎች በዚህ ድምፅ ሳይሆን አይቀርም የሚያናግራቸው። "ችግር የለውም። ይቅርታ፣ መጠየቅ ነበረብኝ። ያንን አውጥቼ ሌላ እሠራለሁ፤ ከበሮሽም ጥሩ ነው፣ በሱ ላይ አንድ ነገር ይወጣል። ለጎሚስታው እኔ እነግረዋለሁ፣ አንቺ አትጨነቂ—"

"ቆይ።"

ቆየ።

ልትለው የፈለገችው ነገር ነበር። ያን ቀን ወተቱ አጠገብ ቆማ ስታንጎራጉር፣ እያንዳንዷን ድምፅ ረዘም አድርጋ ትይዛት ነበር፤ ለብቻዋ ሆና ማንን እንደምትጠብቅ ሳታስበው፣ ጣት ፈልጎ እስኪያገኛት ድረስ። ይህንን ለማለት አፏን ከፈተች። ደጅ የጎሚስታው ንፋስ መሙያ እየጮኸ ነው።

"ጥራት የለውም" አለች። "በስልክ የተቀዳ ነው።"

"ለዛው እኮ እሱ ነው።"

"እኔ ደህና ማይክራፎን የለኝም።"

"እኔ ጋ አለ" አለ፣ ነገሩን ወዴት እንደምትወስደው ሳይገባው።

"ቅዳሜ ሥራ የለኝም። መጥቼ በደንብ ልቅዳው።"

የሱ ወንበር ሲጢጥ ሲል ሰማች። "እንደገና ከተቀዳ ይበላሻል" አለ፤ የሥራ ድምፁ ጥሎት ሄዷል። "እየሰማሽ ነው? አንዴ ካወቅሽ እንደዚያ አይወጣልሽም። ወተቱም ሁለተኛ አይገነፍልልንም።"

"አውቃለሁ።"

"ስለዚህ እንዳለ ይውጣ?"

"እንዳለ ይውጣ።"

ደጅ ንፋስ መሙያው ቆመ፤ ክፍሉ እንደ ምርመራው ክፍል ጸጥ አለ። እሱም ዝም ብሏል። የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ ነው፣ ታውቀዋለች፤ ዓይኑንም ጨፍኖ ይሆናል።

"ቅዳሜ ግን እመጣለሁ" አለች።