ስድስተኛዋ ደራሲ

ጸደይ ሲገባ በከተማችን በሴፍሩ ሴቱ ሁሉ የሳሎን ፍራሹን ተርትሮ ሱፉን ያጥባል። እኛም አምስት ጎረቤታሞች ግቢዬ ውስጥ ተሰብስበን፣ የናና ሻያችንን እየጠጣን፣ የደረቀውን ሱፍ እያፍታታን ታሪክ እንደርሳለን። አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀጥላለች፣ ዙሁር ትጽፋለች። ሕጋችን አንድ ነው፤ አንዴ የተነገረ አይሰረዝም። እንዲህ እያልን ሦስት ደብተር ሞልተናል።

የዘንድሮዋ ባለታሪክ ከእናቷ ቤት ወጥታ የቀረች ልጅ ናት። የጀመርኳት እኔ ነኝ፤ ምን ይደበቃል። ልጄ ባቱል ራባት ከተማ ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ድምጿን እንኳ አታሰማኝም። ምን እንዳጠፋሁ ንገሩኝ ብዬ ያልለመንኩት ሰው የለም። እና ተራዬ ሲደርስ ለልጅቱ አላዝንላትም።

«ልቧ ድንጋይ ነበር» አልኩ ያን ቀን። «ሳትበላ ያበላቻትን እናቷን ረገጠች።»

«እትዬ ታሙ፣ ዛሬም አልማርሻትም?» አለችኝ ዙሁር።

«ዝም ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። ቀጥሎ የራሷ ተራ ነበር። ዙሁር ቀልደኛ ናት፤ በተራዋ ሁልጊዜ ወይ አህያ ወይ ሰነፍ ባል ታስገባለች። አሁን ግን ፈገግም አላለች።

«ልጅቱ ሳይተረተር የከረመውን የእንግዳ ፍራሽ ለእናቷ ልታጥብላት ፈታችው» አለች። «ሱፉ መሐል ደብዳቤ አገኘች። ተቀብለንሻልና መጥተሽ ተማሪ የሚል፣ ከትምህርት ቤት የተላከላት። ቀኑ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል።»

ክው አልኩ። ያን ደብዳቤ የደበቅሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም አልተነፈስኩም። ኋላ ፈልጌ ሳጣው አይጥ በልቶት ነው ብዬ ተገላግዬ ነበር።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ራሷ ባቱል። በየሳምንቱ ትደውላለች፣ ደብተሩን አነብላታለሁ። አንቺ ያልሽውን ሁሉ ሰምታለች። ይህቺን ደግሞ በተራሽ ንገሪልኝ አለችኝ።»

ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ስድስት ነበርን። እኔ ስሰድባት ልጄ በስልክ ስትሰማኝ ኖራለች። ያ አላህ፣ የት ልግባ?

«ሰርዢው» አልኩ።

«አይሰረዝም፣ እትዬ።»

ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሱፋቸውን ያፍታታሉ። ተነሥቼ ወደ ውስጥ ልገባ ነበር፤ መልሼ ተቀመጥኩ። ያው ደግሞ ምን እንዳጠፋሁ ንገሩኝ ስል የኖርኩት እኔው ነኝ።

«እንግዲያው የኔንም ጻፊ» አልኩ። «ደብዳቤውን የደበቀችው እናትየዋ ናት። ባሏ ሞቶ፣ ልጇም ብትሄድባት ብቻዋን እንዳትቀር ፈርታ። ይኸው ብቻዋን ቀረች።»

ዙሁር ጽፋ ስትጨርስ ብዕሯን አንሥታ አየችኝ።

«ቀጥሎ የማን ተራ ነው?»

«የባቱል» አልኩ።