በመቅዘፊያ የሚፈተን ዘፈን

ኦፓ ዛካሪያስ ዘፈን የሚፈትነው ጀልባ እየቀዘፈ ነበር። ስንኙ ሳያልቅ ትንፋሽ ካለቀ ወይም ዜማው ክንድ ካላበረታ፣ ዘፈኑ ለዓሣ ይሰጥ ባይ ነው። በአምቦን ደሴት ሠርግ የማይቀሩትን ዘፈኖቹን ሁሉ የጻፋቸው እንዲህ ነው። የዛሬዎቹንማ አታንሱበት! «ድሮ ዘፈን ደራሲ ነበር፤ አሁን ያለው ጯሂ ነው» ይላል፤ ይህን ሲል ደግሞ ደስ ይለዋል።

ዛሬ ግን ተፈታኟ የልጅ ልጁ ዌልሚ ናት። ነገ ስቱዲዮ የመግባት ቀጠሮ አላት። «ኦፓ» የምትለው አያቷ እሺ ካላላት ግን ጊታሯን ሰቅላ፣ ሶሮንግ ከተማ ሄዳ ሱቅ ልትቀጠር ምላለች። ሽማግሌው ምላ የማትመለስ ልጅ መሆኗን ያውቃል፤ ስለዚህ ከንጋት ጀምሮ መቅዘፊያውን ደጋግሞ ሲወለውል ነበር።

ከጋላላ መንደር ተነሥተው በባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለው ፖካ መቅዘፍ ጀመረ። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ረግቷል። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ውሃው ላይ ስለተኛ፣ ሰማዩ የት አብቅቶ ባሕሩ የት እንደሚጀምር አይታወቅም።

«በይ ጀምሪ። ‹ቤቢ› የምትል ቃል ከሰማሁ ዋኝተሽ ነው የምትመለሺ!»

«የለችበትም ኦፓ። አንተ ብቻ ቅዘፍ።»

ዘፈነች።

*በልተሻል ወይ? ሩዙን ከድኜልሻለሁ፤*
*ቁልፉ ጎረቤት ነው፤*
*ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ።*

«ምኑ ነው ዘፈኑ? የስልክ መልእክት እኮ ነው!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ቃሉ ፍሬድሪካ፣ የእሱ ልጅ፣ የዌልሚ እናት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪም ቤት እየሄደች ለልጇ የላከችው መልእክት ነበር። ከዚያ አልተመለሰችም። መልእክቱን ያን ጊዜ እሱም አንብቦታል። አንብቦ ስልኩን መለሰና፣ ስለ ሞቷ ሦስት ዘፈን ጻፈ፦ ጨረቃ ያለበት፣ ማዕበል ያለበት፣ ብዙ እንባ ያለበት። ፍሬድሪካ ግን አንዱም ውስጥ አልነበረችም።

ዌልሚ ደገመችው። ድምፅዋ ዝቅ እያለ ሄዶ ማንጎራጎር ብቻ ሆነ። ኦፓ ዛካሪያስ ልጁ ፍሬድሪካ ከጀልባው ጫፍ ተቀምጣ የረጠበ ፀጉሯን ስትጨምቅ ያያት መሰለው፤ የሞቀ ሩዝም ሸተተው። ቢጠራት የምትዞር መሰለው፤ እንዳትጠፋበት ፈርቶ አልጠራትም። ናፈቀችው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህች ትንሽ የልጅ ልጁም ቀናባት።

«ኦፓ፣ መቅዘፍ አቁመሃል እኮ» አለች ዌልሚ። «ወደቅኩ ማለት ነው?»

ጀልባዋን ውሃው እንዳሻው ይወስዳታል። ሽማግሌው ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

«ነገ ስትቀረጪ፣ ‹ማን አስተማረሽ?› ካሉሽ የኔን ስም እንዳታነሺ።»

«ይህን ያህል ያሳፍራል?»

«አይ ልጄ» አለ። «እኔ እንዲህ አድርጎ መጻፍ አልችልበትም።»