ሦስተኛው ኖዝል

በዚያ ዓመት ናፍታ ጠፋ። መኪኖች አራት ወር ሙሉ በየማደያው ተሰልፈው ከረሙ። የተገኘውም ንጹሕ አልነበረም፤ ውሃና ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ነበር። አሮጌ ሞተሮች እያንኳኩና ነጭ ጭስ እየተፉ ወደ ጋራዡ መጡ። ሥራው በዛ፣ መለዋወጫ ጠፋ። ሁለት መካኒኮች ለቀው ሄዱ። የቀሩት ባለ ጋራዦቹ ሁለት ወንድማማቾች ብቻ ነበሩ። በአምስተኛው ወር ታላቅየው ሞተ። ልብ ነው አሉ።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ታናሽየው በሟች ቤት በር አጠገብ ተቀምጦ የሚገባውን ሰው ይቆጥራል። ትናንት ስልሳ ሁለት። ዛሬ ገና ከምሳ በፊት አርባ። ለእኔ ለቅሶ የዚህ ግማሽ ቢመጣ ነው ብሎ አሰበ። ቆየና ግማሹም አይመጣም ብሎ ራሱን አረመ።

የሚገባው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጆሮ ነው። ሰፈሩ ታላቅየውን «ጆሮ» ነበር የሚለው። መኪና ገና ወደ ጋራዡ ሲታጠፍ፣ ኮፈኑ ሳይከፈት፣ ሕመሙን ይናገራል። በጎረቤት ብረት የሚበይደው በያጅ ያንኑ ደግሞ እያወራ ነው። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ሳለ ጆሮ ጉርሻውን አፉ ውስጥ ይዞ ዝም አለ አሉ። ከዚያ፣ በመንገድ ያለፈችው መኪና ናፍታው ቀድሞ እየገባባት ነው፣ ባለቤቷ ፓምፗን ካላስተካከለ ፒስተኗን ትበላለች አለ። በሳምንቱ መኪናዋ ተጎትታ መጣች።

ሰዎቹ በቀስታ ሳቁ። በያጁ ወደ ታናሽየው ዞረና፣ «ለአንተስ አንዱን ጆሮውን እንኳ አልተናዘዘልህም?» አለው።

ታናሽየው ሳቀ። የሳቀው ጥርሱ ነው።

እሱ አርባ ዓመት የሠራው በእጁ ነው። ይፈታል፣ ይለካል፣ ያያል። ስህተቱ ጥቂት ነው። ባለመኪናዎች ግን ቁልፋቸውን እየሰጡት እንኳ ከትከሻው በላይ አሻግረው ወንድሙን ይፈልጉ ነበር። እናታቸው ሬዲዮዋ ሲበላሽባት፣ እሱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ወንድምህን ጥራልኝ ትለው ነበር።

የሟች ሚስት ሻይ አመጣችለት። አልጠጣም አላት።

«ጠጣ እንጂ፣ ወንድም ዓለም» አለችው ዝቅ ብላ። «እሱ መጀመሪያ አንተ ጋ መድረሱን ሳያይ አይጠጣም ነበር።»

ይህም ቆረቆረው። ሞቶም ይቀድመዋል።

ከቀትር በኋላ አንድ ሰው እያነከሰ ገባ። ታናሽየው ወዲያው አወቀው። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ጋራዡን ከረገጠ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ከበያጁ ጎን ተቀመጠ። የጆሮ ነገር እንደገና ሲነሳ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር» አለ። «ጆሮውን ግን ተዉት። የእኔን ሞተር ያለ በሽታው አስወርዶ፣ ጭነት ደርሶልኝ ሳለ ሃያ ቀን አስቀምጦኛል።»

የሟች ሚስት ፔርሙሱን እንደያዘች ቆመች። ታናሽየው ደረቱ ሞቅ ሲለው ተሰማው። ደስታ ነበር። በሦስቱ ቀን የመጀመሪያው።

የዚያን ሞተር ነገር ያውቃል። እያንኳኳ ነው የመጣው። ታላቅየው ከበሩ ሰምቶ፣ ናፍታ የሚረጨው ኖዝል ነው ብሎት ዕቃ ሊገዛ ወጣ። ታናሽየው ሞተሩን አስነስቶ ናፍታ ወደ ኖዝሎቹ የሚወስዱትን ቱቦዎች ተራ በተራ አላላ። ሦስተኛው ሲላላ ማንኳኳቱ ጠፋ። ይህ ለሁለት ነገር ይሆናል። ወይ ሦስተኛው ኖዝል ናፍታ ያንጠባጥባል፤ ወይ የሦስተኛው ፒስተን ክንድ የሚሽከረከርበት ብሮንዚና ተበልቷል። ለመለየት ሦስተኛውን ኖዝል ከአንደኛው ጋር ማቀያየር ነው። ድምፁ ኖዝሉን ተከትሎ ከሄደ ኖዝሉ ነው። የግማሽ ሰዓት ሥራ። አልሠራውም። ቢያቀያይር ወንድሙ ልክ ሊሆን ነው። ብሮንዚና ነው ብሎ ሞተሩን አወረደ።

ብሮንዚናው እንደ አዲስ ያበራ ነበር። ሾፌሩ ሲጮህ ታላቅየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና፣ አውርደው ያልኩት እኔ ነኝ አለ። ለታናሹ ምንም አላለውም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም። ቢሰድበው ይሻል ነበር። ታናሽየው ጆሮውን ይቅር ሊለው ይችል ነበር። ያችን «እኔ ነኝ» ያላትን ቃል ግን ይቅር አላለውም።

በያጁ፣ እንግዲህ ሰው ነው፣ ይሳሳታል አለ። ሌላው ደግሞ፣ እውነት ነው፣ ወሬው ትንሽ ይጋነን ነበር አለ። ሦስት ቀን ሲያወድሱ የነበሩት ናቸው። የሟች ሚስት ወደ መሬት አየች።

ዝም ቢል ይበቃ ነበር። የለመደው ነው።

«እሱ አይደለም» አለ ታናሽየው። አልተሰማም። ደገመው። «ሞተርህን ያወረድኩት እኔ ነኝ። እሱ ኖዝል ነው ብሎኝ ነበር። ሳላቀያይር አወረድኩት።»

ሾፌሩ ትክ ብሎ አየው። «ታዲያ እኔ ነኝ ያለው ለምንድን ነው?»

«እኔን ብሎ።»

«አንተስ?»

«ዝም አልኩ።»

ሾፌሩ ብርጭቆውን ገፋ አደረገ። «አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ስም ሳጠፋ ኖሬያለሁ በለኛ።»

«ሐሜቱ የእኔ ነበር» አለ ታናሽየው። «ከእሱ ላይ አንሳና ለእኔ አድርገው። እነዚህም ይስሙ።»

በያጁ ቀና ብሎ አላየውም። የሟች ሚስት ግን አየችው። ሾፌሩ ጉልበቱን ደግፎ ተነሳ። መጀመሪያ ወደ እሷ ሄዶ ጎንበስ አለና፣ ባለቤትሽን በድያለሁ አላት። ከዚያ እያነከሰ ወደ በሩ መጣ። ታናሽየው ስድብ ጠበቀ። ሾፌሩ እጁን ዘረጋለት።

«ያጽናህ» አለው። «ወንድም ነበረህ።»

ታናሽየው የተዘረጋውን እጅ ያዘ። ሾፌሩ እስኪለቀው ጠበቀ። ሾፌሩ ግን አልለቀቀውም።